የከርሰ ምድር ሙቀት ፍሰት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «የኮምቦልቻ ጉድጓድ ውሃ ከደሴው ይሞቃል፤ ስለዚህ የሙቀት ፍሰቱ ከፍተኛ ነው፤ ከሥር እሳተ ገሞራ አለ» ብሎ ደመደመ። ይህን አባባል ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የውሃ መሞቅና የሙቀት ፍሰት ለየቅል ናቸው።

ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውሃ ሙቀቱ ከአካባቢው አየር የዓመት አማካይ ብዙም አይርቅም። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ አየሯ ይሞቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ለዚህ እሳተ ገሞራ አያስፈልግም።

የሙቀት ፍሰት ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት በኩል በየሰከንዱ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት ነው። በአህጉሮች ላይ አማካዩ 65 ሚሊዋት በካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለማወቅ ሁለት ነገር ይለካል፦ ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ስንት እንደሚጨምር፣ ድንጋዩም ሙቀት ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ። ሁለቱ ይባዛሉ። ሁሌም የሚረሳው ሁለተኛው ነው!

የደሴን ብርድና ጋቢ አስቡ። ወፍራም ጋቢ የደረበ ሰው ውስጡ ይሞቃል፣ የጋቢው ውጭ ግን ቀዝቃዛ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ የሚያመልጠው ሙቀት ግን ትንሽ ነው። ሸክላ አፈርም እንዲሁ ነው። በየኪሎ ሜትሩ 40 ዲግሪ የሚጨምር ሸክላ፣ አስተላላፊነቱ 1.5 (ዋት በሜትር በዲግሪ) ከሆነ፣ ፍሰቱ 60 ሚሊዋት በካሬ ሜትር ነው። 20 ዲግሪ ብቻ የሚጨምር ጠንካራ ድንጋይ፣ አስተላላፊነቱ 3 ከሆነ፣ እሱም 60! ቴርሞሜትር ብቻ ያወረደ ሰው ሸክላውን «እጥፍ የሞቀ አገር» ይለዋል።

ጋቢው ሲርስስ? ያኔ ሙቀቱን የሚወስደው ውሃው ነው። ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ በስንጥቅ ሲሰርግ መሬቱን ያቀዘቅዛል፤ ከታች ሞቆ ሲወጣ ደግሞ ፍል ውሃ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ የተለካ ቁጥር ስለ ውሃው መንገድ እንጂ ስለ አህጉሩ አይናገርም። ቁፋሮ ራሱም ጉድጓዱን ይረብሻል፤ እስኪረጋጋ ካልተጠበቀ ልኬቱ አይታመንም።

ጋቢው ራሱ ሙቀት ቢያመነጭስ? ግራናይት ያደርገዋል፤ ውስጡ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም አሉ። ስለዚህ ከላይ የተለካው ፍሰት በሙሉ ከጥልቅ የመጣ አይደለም። የአህጉር ሥሪት የሚገለጠው የቅርፊቱን፣ ማለትም የምድርን የላይኛው የድንጋይ ሽፋን፣ ድርሻ ስንቀንስ ነው። በካናዳ ጋሻ ምድር፣ ማለትም በጣም ጥንታዊና የረጋ የአህጉር ክፍል፣ ጠቅላላው ፍሰት 40 ሚሊዋት አካባቢ ነው፤ ከማንትል (ከቅርፊቱ በታች ካለው ወፍራም የድንጋይ ክፍል) የሚመጣው ግን 15 ገደማ ብቻ። ይህ የሚሆነው ከሥሩ ወፍራምና ቀዝቃዛ የድንጋይ ሥር ስላለ ነው። እንግሊዛዊው የምድር ፊዚክስ ተመራማሪ ኤድዋርድ ቡላርድ በ1939 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ አፍሪካን ልኬት ያሳተመው መጀመሪያ ባነሳነው የሁለት ልኬት ዘዴ ነው፤ የጉድጓድ ሙቀትና የድንጋይ ናሙና፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ደሴ የከፍታው ጠርዝ ላይ ናት፤ መሬቱ እየተሰነጠቀ ያለበት ሞቃቱ የአፋር ስምጥ ከፊቷ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ዛሬ አዲስ ሙቀት ቢመጣ፣ በድንጋይ ብቻ ተላልፎ ላይ እስኪደርስ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከፍታው ላይ ዝቅተኛ ፍሰት ቢለካም «ከሥር ቀዝቃዛ ነው» ማለት አይቻልም። እዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ልኬት አብሮ መታየት አለበት።