ናኦሺማ፦ በጃፓን የሥነ ጥበብ ደሴት የአንድ ቀን የቤተሰብ ጉብኝት

ናኦሺማ በጃፓን የሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ፣ በካጋዋ ግዛት ሥር ያለች ደሴት ናት። ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዋም 3,000 አካባቢ ነው። በዚህች ቁራሽ መሬት ላይ በርካታ ሙዚየሞች፣ ወደ ሥነ ጥበብ ሥራ የተለወጡ አሮጌ ቤቶችና በየባሕር ዳሩ የቆሙ ቅርጻ ቅርጾች አሉ። ጎብኚው በአብዛኛው ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። አንድ ቀን ደሴቲቱን ለማወቅ ይበቃል፤ ሁሉንም ሙዚየም ለማየት ግን አይበቃም። ልጆች ይዞ ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ያየው አውቶቡስ ማቆሚያ ነው።

ደሴቲቱን በአራት ከፍሎ ማሰብ ይቀላል። በምዕራብ ዋናው የጀልባ ወደብ ሚያኖራ አለ። በምሥራቅ አሮጌው መንደር ሆንሙራ ይገኛል። ደቡቡ ዋና ዋናዎቹ ሙዚየሞች ያሉበት ኮረብታና የባሕር ዳርቻ ነው። ሰሜኑ ደግሞ የፋብሪካ ሠፈር ሲሆን ጎብኚ እምብዛም አይደርስበትም፤ የደሴቲቱ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው። ሚትሱቢሺ በ1917 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመዳብ ማቅለጫ ተከለ፤ ለነዋሪው እንጀራ ሆነ፣ ጭሱ ግን በዙሪያው ያሉትን ኮረብታዎች ዛፍ አልባ አደረጋቸው። በጎረቤት ደሴት በቴሺማ በሕገወጥ መንገድ ተጥሎ የነበረው ከ900,000 ቶን በላይ የኢንዱስትሪ ቆሻሻም ከ2003 ጀምሮ ለዓመታት እየተጫነ የተቃጠለው እዚሁ ናኦሺማ ላይ ነው። ከጀልባ ላይ ወደ ሰሜን ለሚመለከት የማቅለጫው ጭስ ማውጫ ዛሬም ይታያል።

የሥነ ጥበቡ ሐሳብ የመጣው በኦካያማ ከተማ ከነበረ ፉኩታኬ ከሚባል አሳታሚ ድርጅት ነው። መሥራቹ ቴትሱሂኮ ፉኩታኬና የዚያን ጊዜው ከንቲባ ቺካትሱጉ ሚያኬ ደቡቡን የባህልና የልጆች ስፍራ ለማድረግ ተስማሙ። መሥራቹ በ1986 ሲሞት ልጁ ሶይቺሮ ሥራውን ቀጠለ። በ1989 የልጆች የድንኳን ሠፈር ተከፈተ፤ በ1992 ሙዚየምም ሆቴልም የሆነው ቤኔሴ ሃውስ ተከተለ። ድርጅቱ በኋላ ራሱን ቤኔሴ ብሎ ሰየመ፤ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን «በደህና መኖር» ማለት ነው። የሕንፃዎቹ አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ነው። ያልተለሰነ ኮንክሪቱና በላዩ በእኩል ርቀት የሚታዩት ክብ ቀዳዳዎች ደሴቲቱን ሙሉ ይከተሉታል።

ወደ ናኦሺማ የሚገባው በጀልባ ብቻ ነው። ከኦካያማ በባቡር ወደ ኡኖ ወደብ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከኡኖ ሚያኖራ 20 ደቂቃ ነው። ከታካማትሱ ከተማ በኩል ትልቁ ጀልባ 50 ደቂቃ፣ ፈጣኑ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የሕፃን ጋሪና ሻንጣ ላለው ትልቁ ጀልባ ይሻላል፤ ሰፊ መቀመጫና ልጆች የሚወጡበት ሰገነት አለው። ሰዓት ሲነበብ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ትኬት ላይ 10:00 ካለ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ወደ ታካማትሱ የሚመለሰው የመጨረሻው ትልቅ ጀልባ 17:00፣ ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይነሳል፤ የኡኖው ደግሞ ከዚያ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ለቤተሰብ ከኡኖ በኩል መምጣት ይመረጣል። የጉዞ ሰሌዳው ስለሚለዋወጥ ጠዋት ወደቡ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንስቶ መያዝ ነው።

ከሁሉም በፊት ቀኑ ራሱ መመረጥ አለበት። ሰኞ አብዛኛው ሙዚየም ዝግ ነው። ሰኞ የሕዝብ በዓል ከሆነ ተከፍቶ ይውልና ማክሰኞ ይዘጋል፤ ይህን ሳያውቅ ማክሰኞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። በየሦስት ዓመቱ በሚካሄደው የሴቶቺ የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል ወቅት ደግሞ አሠራሩ ይለወጣል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ፌስቲቫሉ በ2010 ተጀምሮ በ2025 ለስድስተኛ ጊዜ ተካሂዷል።

ቀጥሎ የቺቹ ሙዚየም ሰዓት ይያዛል። ቺቹ «ከመሬት ውስጥ» ማለት ነው፤ በ2004 ሲከፈት የባሕሩን ገጽታ እንዳይሰብር ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ኮረብታው ውስጥ ተቀበረ። የሚገባው በኢንተርኔት በተያዘ ሰዓት ነው። እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ፤ ሲያስይዙ እነሱንም መቁጠር ይበጃል። ትኬት መቁረጫው ከሙዚየሙ በር ራቅ ስለሚል በሰዓቱ ሳይሆን ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል። በመካከል ያለው መንገድ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ከሚወዳቸው ዕፅዋት በተሠራች የኩሬ አትክልት ስፍራ ዳር ያልፋል። ልጆቹን ማስሮጥ ካስፈለገ ቦታው እዚህ ነው፤ ውስጥ መሮጥ፣ መጮህና ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ሙዚየሙ የሦስት የሥነ ጥበብ ሰዎች ሥራዎች ብቻ ቤት ነው። የክሎድ ሞኔ ክፍል ውስጥ አምስት የውሃ አበባ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ትልቁ ሁለት ሸራ ተጋጥሞ 2 በ6 ሜትር ነው። ጫማ ወልቆ በነጠላ ጫማ ይገባል። ወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ጎን ባላቸው 700,000 ያህል የእብነ በረድ ኩቦች የተነጠፈ ነው። አምፖል የለም፤ ብርሃኑ ከጣሪያ የሚወርድ የቀን ብርሃን ስለሆነ ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ይጠቁራል፣ ሲገለጥ ሐምራዊው ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ቆሞ የሚወጣ ሰው ይህን አያይም። የዋልተር ደ ማሪያ አዳራሽ ደረጃ ላይ 2.2 ሜትር ስፋት ያለው የተወለወለ የጥቁር ድንጋይ ሉል ተቀምጧል፤ በግድግዳው ዙሪያ ወርቅ የተቀቡ 27 የእንጨት ቅርጾች ቆመዋል።

ልጆች የማይረሱት ግን የጄምስ ታረልን ክፍል ነው። ከሩቅ ሲታይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ ይመስላል። አስተናጋጁ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ጫማ አስወልቆ ደረጃውን እንዲወጡ ያዝዛል፤ እጅ ሲዘረጋ የሚነካ ጨርቅ የለም፣ ክፍት ነው። ዓይን ጥልቀት የሚለካው በጠርዝና በጥላ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲጠፉ ሰማያዊ ብርሃን የሞላው ክፍል ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል። የሚገቡት በጥቂት በጥቂቱ በመሆኑ ወረፋው ይረዝማል፤ ሕፃን የያዘ ወላጅ ተራ በተራ ቢገባ ይሻላል።

ከቺቹ ወደ ታች 10 ደቂቃ ያህል ሲኬድ በ2010 የተከፈተው የኮሪያዊው ሊ ኡፋን ሙዚየም አለ። ድንጋይ፣ ብረትና ጸጥታ ነው፤ ለአዋቂ ግሩም ነው፣ የደከመ ልጅ ግን እዚህ ያምፃል። ቤኔሴ ሃውስ ውስጥ ደግሞ ብሩስ ናውማን በኒዮን መብራት የጻፋቸው መቶ ሐረጎች ተራ በተራ እየበሩ ይጠፋሉ። አሜሪካ ያደገና እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ያለው ወላጅ ይወቀው፦ ከሐረጎቹ አንዳንዶቹ ጸያፍ ቃል አለባቸው።

በእነዚህ መካከል የሚኬደው በእግር ወይም በነፃው የቤኔሴ አውቶቡስ ነው። በሙዚየሞቹ ቅጥር ግቢ በኩል ብስክሌት ማለፍ አይፈቀድም፤ ወደብ ላይ የሚከራየው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት መንደሮቹን ለማገናኘት ይጠቅማል፣ ከዚያ በኋላ መቆም አለበት። የከተማው አነስተኛ አውቶቡስ ሚያኖራን፣ ሆንሙራንና ጹጹጂሶ የሚባለውን ማቆሚያ ያገናኛል። ሞልቶ የሚመጣባቸው ጊዜያት አሉ፤ የሕፃን ጋሪ ካልታጠፈ አይገባም። ለክፍያው ሳንቲም መያዝ ያስፈልጋል።

ከጹጹጂሶ አጠገብ፣ አሮጌ የጀልባ መድረክ ጫፍ ላይ፣ የጃፓናዊቷ ሠዓሊ የያዮይ ኩሳማ ቢጫ የዱባ ቅርጽ ተቀምጧል። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ሲሆን መላ አካሉ በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ነው። በ1994 የተተከለው ዱባ በነሐሴ 2021 በአውሎ ነፋስ ተገፍቶ ባሕር ውስጥ ገባ፣ ማዕበሉ ከመድረኩ ጋር እያላተመ ሰባበረው። ማዕበል ሲጠበቅ አስቀድሞ ማንሳት የተለመደ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ነፋሱ ከተገመተው በለጠ። በጥቅምት 2022 የተመለሰው አዲሱ ዱባ ቅርፊቱ ወፍሮ፣ በክሬን የሚነሳበት መንጠቆም ጠንክሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ በማዕበል ወቅት ዱባው በቦታው ላይኖር ይችላል። ፎቶ ለመነሳት ረጅም ወረፋ የሚኖረው እኩለ ቀን ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆንሙራ ነው። ጠባብ መንገዶች፣ እንዳይበሰብሱ ፊታቸው በእሳት ተለብልቦ የጠቆረ የጥድ ሳንቃ ግድግዳዎች፣ በየበሩ የተሰቀሉ ጨርቆች ይታያሉ። በ1998 የተጀመረው የቤት ሥነ ጥበብ ፕሮጀክት ሰው የለቀቃቸውን ቤቶች ለሠዓሊዎች ሰጠ። የመጀመሪያው ካዶያ 200 ዓመት ገደማ ያለው ቤት ነው። ታትሱዎ ሚያጂማ ጨለማው ወለል ላይ ውሃ ሞልቶ 125 የሚበሩ ቁጥሮች አጠመቀበት። እያንዳንዱ ቁጥር የሚቆጥርበትን ፍጥነት የመረጠው አንድ የደሴቲቱ ነዋሪ ነው፤ ከመራጮቹ ትንሹ 5፣ ትልቁ 95 ዓመቱ ነበር። መንደርተኛው ፕሮጀክቱን የራሱ ማድረግ የጀመረው ከዚህ ቤት እንደሆነ ይነገራል፤ ቁጥሮቹን ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ሃይሻ የጥርስ ሐኪም ቤት ነበር፤ ሺንሮ ኦታኬ ከየቦታው በለቃቀመው ቁርጥራጭ ሸፍኖት፣ ውስጡ ግዙፍ የነፃነት ሐውልት አቁሞበታል፤ ለልጆች ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው። ጎኦ የተባለው የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) ቤተ መቅደስ ከምድር ሥር ክፍል እስከ ላይ የሚወጣ የመስታወት ደረጃ አለው። ወደ ታች የሚወስደው መተላለፊያ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ልጅ አዝሎ መግባት አይሆንም። ሚናሚዴራ ውስጥ ፍጹም ጨለማ ነው፤ ግድግዳ እየዳሰሱ ገብተው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ፊት ለፊት ደብዛዛ ብርሃን ይመጣል፤ ከመጀመሪያውም ነበረ፣ ዓይን ግን ከፀሐይ ወጥቶ ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ የሁሉም ዓይን ከዜሮ ይጀምራል። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ ከወላጆቹ አንዱ ውጭ ቢቀር ይሻላል። ሚናሚዴራም በሰዓት የሚገባበት ስለሆነ ቦታው አስቀድሞ ይያዛል፤ ቤቶቹ ሁሉ 16:30 ገደማ ይዘጋሉ። ጉልበት የተረፈው ቤተሰብ እዚያው አቅራቢያ በ2025 በተከፈተው፣ አንዶ በነደፈው አዲስ ሙዚየም የቻይናዊው ጻይ ጉዎ ቺያንግን 99 ተኩላዎች ያያል፤ መንጋው በአየር ላይ እየዘለለ ከመስታወት ግድግዳ ጋር ይላተማል።

ምሳ ብዙ ሰው ቸል የሚለው ጉዳይ ነው። የሆንሙራ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ያዘጋጁት ሲያልቅ ይዘጋሉ፤ 6 ሰዓት ሳይሞላ መቀመጥ ይበጃል። ካጋዋ ኡዶን በሚባል ወፍራም የስንዴ ፓስታ የታወቀ ነው፤ ሥጋ የሌለበት ኡዶን እንኳ መረቁ በብዛት ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ የሚወጣ በመሆኑ፣ በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ። ብስኩት፣ የሩዝ ጥቅልልና ውሃ ከሚያኖራ ገዝቶ መያዝ ነው፤ ደቡቡ ኮረብታ ላይ የሚሸጥ ነገር ጥቂት ነው።

ሚያኖራ ለማታ ቢቀር ጥሩ ነው። ወደቡ ላይ ያለው ቀዩ የኩሳማ ዱባ ውስጡ ክፍት ነው፤ ልጆች ገብተው በነጠብጣቦቹ ቀዳዳ ይመለከታሉ። ከወደቡ ጥቂት እርምጃ ሲኬድ በ2009 የተከፈተው የኦታኬ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይገኛል። ወንድና ሴት ለየብቻ ይገባሉ፣ በሁለቱ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ትንሽ ዝሆን ቆሟል። ራቁት ነው የሚታጠቡት፤ ገንዳው ውስጥ ከመግባት በፊት ሰውነትን በሳሙና ታጥቦ መለቅለቅ ግዴታ ነው፣ ሳሙና ወደ ገንዳው አይገባም። ውሃው ሞቅ ስለሚል ትንንሽ ልጆች ረጅም ሰዓት መቆየት የለባቸውም። ከመግባት በፊት የጀልባው ሰዓት እንደገና ይታይ፤ የመጨረሻው ካመለጠ ማደሪያ ቤቶቹ ጥቂትና አስቀድመው የሚያዙ ናቸው፣ የባሕር ታክሲ ዋጋ ደግሞ ከመደበኛው ጀልባ ጋር አይወዳደርም።