ወገቡ ከፍ ያለ ቀሚስ፦ የሚባለውና እውነታው

የጥርና የሚያዝያ ሠርግ ሲቃረብ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ስፌቱ ከወገብ ላይ ሳይሆን ከጡት ሥር ስለሚያርፍ ቀሚስ ብዙ ይባላል። ሴቶች የሚያምርባቸውን ልብስ ሳይለኩት የሚተዉት ብዙ ጊዜ በእነዚህ አባባሎች ምክንያት ስለሆነ፣ አባባሎቹን መመርመር ይገባል።

«እርጉዝ ያስመስላል» የሚለው ከሁሉም ይበረታል። ነገር ግን ሆድን የሚያጎላው የስፌቱ ከፍታ ሳይሆን ሽንሽኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሽንሽኑ በሙሉ ከፊት መሐል ላይ ከተሰበሰበ ጨርቁ ወደ ፊት ይነፋል፤ የፊቱ ክፍል ለጥ ብሎ ወርዶ ስፋቱ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ግን ሆድ ላይ የሚያብጥ ነገር አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1800 አካባቢ በፓሪስና በለንደን ይለበሱ የነበሩት ቀሚሶች ሽንሽናቸው በአብዛኛው ከጀርባ በኩል ነበር። ለነፍሰ ጡር መመቸቱም እውነት ነው፤ ይህ ግን ለሌሎች አይሆንም ለማለት ምክንያት አይሆንም።

«ለአጭር ሴት አይሆንም» የሚባለው እውነታውን ይገለብጠዋል። ስፌቱ ከፍ ሲል ከእሱ በታች ያለው የቀሚሱ ክፍል ስለሚረዝም፣ ለባሿ ቁመቷ ረዘም ብሎ ይታያል።

ይህን አሰፋፍ የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን እንደፈጠረችው የሚያምኑም አሉ። ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1804 ሲሆን፣ የጥንት ግሪክና ሮም ሐውልቶችን አለባበስ አርአያ ያደረገው ቀሚስ ግን ከዚያ በፊት በ1790ዎቹ በፓሪስ ይለበስ ነበር፤ የጆሴፊን ድርሻ ማስፋፋት ነበር። በ1820ዎቹ ወገብ ወደ ቦታው ቢመለስም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የፓሪሱ ልብስ ነዳፊ ፖል ፖይሬ አድሶታል፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹም እንደገና ተለብሷል። ስለዚህ «ጊዜው ያለፈበት» ማለትም አያስኬድም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ «በአገር ልብስ አይሰፋም» የሚለው ነው። ያ የአውሮፓ ቀሚስ ራሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው ከነጭ ስስ ጥጥ ነበር፤ ምርጥ የሚባለውም ዛሬ በሕንድና በባንግላዴሽ ከተከፈለው ከቤንጋል ይመጣ ነበር። ሸማኔዎቻችን የሚሠሩት ስስ ፈትል ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች ስለሚፈስ ለዚህ አሰፋፍ ከደረቅ ጨርቅ ይልቅ ይመቻል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጥበቡ ላይ ነው፦ ሰፊና ወፍራም ጥበብ ከጡት ሥር ሲገባ ስፌቱን ያደርቀዋል፤ እዚያ ቀጭኑን አድርጎ ሰፊውን ለጠርዙ መተው ይሻላል፣ ክብደቱም ቀሚሱን ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። የእጅ ሥራ ጥጥ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ።

«መቀነቱን ከፍ አድርጎ ማሰር ያው ነው» የሚሉም ተሳስተዋል። ለወገብ የተቆረጠ ቀሚስ ላይ ከፍ ብሎ የታሰረ መቀነት ጨርቁን ከላይ ያጨማድደዋል፣ ሲራመዱም ይንሸራተታል። ልኬቱ ከጡት ሥር ዙሪያውን፣ ከትከሻ እስከ ስፌቱ ያለውንም ርዝመት ይዞ መወሰድ አለበት፤ በሠርጉ ቀን የሚለበሰው የጡት መያዣ የስፌቱን ቦታ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ሲለኩም እሱኑ መልበስ ያስፈልጋል።