ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ አሞላል

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ማለት የማለፊያ ውጤት ያመጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መማር የሚፈልግባቸውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ለትምህርት ሚኒስቴር የሚያሳውቅበት አሠራር ነው። ሚኒስቴሩ የተማሪውን ውጤት፣ የምርጫውን ቅደም ተከተልና የዩኒቨርሲቲዎቹን የመቀበል አቅም አይቶ ይመድባል። ተማሪው መሙላት እንጂ መመደብ አይችልም። ስለዚህ በእጁ ያለው ትልቁ ነገር የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነው።

እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ማትሪኩ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረና 50 በመቶ ማምጣት ግድ ከሆነ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከማለፊያው በታች ሆነው የተቀመጠውን ነጥብ የሚያሟሉት በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ የመግባት ዕድል አላቸው። ይህን ያህል ተለፍቶበት የመጣ ውጤት በአንድ ምሽት ጥድፊያ በተሞላ ምርጫ መባከን የለበትም።

ጎንደር ውስጥ አብዛኛው ቤተሰብ አንደኛ ላይ የሚያስሞላው የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ተመሠረተ፤ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የሳኒተሪ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ለአገሪቱ ገጠሮች ሲልክ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ከሕክምናና ጤና ሳይንስ ሌላ የማራኪ፣ የቴዎድሮስና የፋሲል ግቢዎች አሉት። ሆስፒታሉ ደግሞ የከተማው ሰው የሚታከምበት፣ ተማሪውም ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚማርበት ነው። ሕክምና ለሚመኝ ልጅ ይህን አንደኛ ማድረግ ትክክል ነው።

ችግሩ ሁሉም ልጅ ሕክምና አለመፈለጉ ነው። «ከቤቱ እየበላ ይማር» የሚለው ሐሳብ ክፋት የለውም፤ ኖን ካፌ ሆኖ፣ ማለትም የግቢውን ካፌ ሳይጠቀም፣ ከቤት የሚመላለስ ተማሪም አለ። ግን የውሃ ምህንድስና የሚመኝ ልጅ አርባ ምንጭን፣ ስለ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚያስብ ባሕር ዳርን፣ ግብርና የሚወድ ሐረማያን፣ ደን የሚስበው ደግሞ ወንዶ ገነት ያለበትን ሐዋሳን ሳያይ ዝርዝሩን መዝጋት የለበትም። እነዚህ አራቱ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማና ከመቀሌ ጋር ሆነው የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ስምንቱ ናቸው። ብዙ ሰው ስለሚሞላቸው ፉክክሩ ይከብዳል። ምርጫውን ሁሉ በእነሱ ብቻ የሞላ ልጅ፣ ውጤቱ ካልደረሰ፣ አስቦበት ወደማያውቀው ቦታ ሊመደብ ይችላል።

ሚዛናዊ ዝርዝር የሚባለው እንግዲህ ይህን የሚከላከል ነው። ከላይ ልብ የሚፈልገውን ያስቀምጣል። መሀል ላይ ውጤቱ በደንብ የሚመጥነውን ይይዛል። ከታች ደግሞ ፉክክሩ ቀለል የሚለውን፣ ግን ቢመደብ ሻንጣውን ይዞ ከልቡ የሚሄድበትን። ደብረ ታቦር፣ ደባርቅ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወልድያ ለጎንደር ልጅ እዚህ ቦታ ላይ በደንብ ሊታሰቡ ይገባል። «የመጨረሻውን ዝም ብለህ ሙላው» የሚለው ምክር ብዙ ልጅ የጎዳ ይመስለኛል። የመጨረሻውም ምርጫ ነው፤ ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ዲፓርትመንት ነው። ግቢ መግባት ማለት የፈለጉትን ዲፓርትመንት ማግኘት ማለት አይደለም። ፍሬሽማን የሚባሉት የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተመልሰዋል፤ የዲፓርትመንት ምደባው ከእነሱ በኋላ በውጤትና በምርጫ ይካሄዳል። ስመ ጥር ግቢ ገብቶ የማይፈልገውን ከማጥናት፣ ብዙም በማይወራለት ግቢ የሚወደውን ማጥናት የሚሻለው ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመሙላት በፊት ያ ዲፓርትመንት በዚያ ግቢ መኖሩን፣ ምን ያህል ተማሪ እንደሚቀበልም ግቢው ውስጥ ያለ ሲኒየር መጠየቅ ነው።

መንገድና ገንዘብም ይታሰባሉ። ደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ባሕር ዳር ወደ 180፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 በላይ ነው። በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱ ደኅንነት የቤተሰብ ዋና ጭንቀት ሆኗል፤ ወላጅ ቅርብ ይሁንልኝ ቢል አይፈረድበትም። ምግብና ዶርም ግቢው ቢሰጥም ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል።

ሁሉም በአንድ በር አይገባም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ምዝገባቸው የተለየ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ መከታተል ያስፈልጋል። የጤና ችግር ያለበት ተማሪም ማስረጃውን በጊዜው ማቅረብ አለበት፤ ምደባ ከወጣ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው።

ወደ ውጭ የሚያመለክት የጎንደር ልጅ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። አሜሪካ ምደባ የለም፤ ተማሪው ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ያመለክታል። ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ መሙላት ይቻላል። እዚያ ዝርዝሩ በሦስት ይከፈላል፤ ሩቅ ሕልም፣ የሚመጥንና እርግጠኛ የሚሆኑበት። ሃርቫርድ ከ100 አመልካቾች የሚቀበለው 4 ገደማ ነው፤ አንደኛ የወጣ ልጅም ቢሆን ሕልም ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ለእኛ ልጅ ግን ከባዱ ተቀባይነት ማግኘቱ ሳይሆን ገንዘቡ ነው። ኮሌጁ ቢቀበለውም ወጪውን የሚሸፍን ከሌለ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ የኮሌጁን ወረቀት አያገኝም፤ ያለ እሱ ደግሞ የተማሪ ቪዛ የለም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ የተቀበሉትንም እንደ ችግሩ ይሸፍኑለታል። ብዙዎቹ ሌሎች ግን ያያሉ። ስለዚህ ሙሉ ስኮላርሺፕ የማይሰጥ ኮሌጅ፣ መግባቱ የቱንም ያህል ቢቀል፣ «እርግጠኛ» ተብሎ አይያዝም። ለአብዛኛው የጎንደር ልጅ እርግጠኛው አገር ውስጥ ነው። ውጭ እያመለከተ የሚኒስቴሩን ምርጫ የዘለለ ልጅ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። የማመልከቻ ክፍያውን ማስቀረት ይቻላል፤ አቅም የሌለው ተማሪ የክፍያ ነፃ ጥያቄ ያቅርብ። መደበኛው ማመልከቻ በብዙዎቹ ዘንድ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል፤ ለድጋፍ ደብዳቤ መምህሩን መለመን ያለበት መስከረም ላይ ነው።

የግል ኮሌጅ በዝርዝሩ የሚያስገቡ ቤተሰቦችም አሉ። መጀመሪያ የሚታየው ክፍያው ሳይሆን ኮሌጁ ለዚያው ፕሮግራም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ለመንግሥትም ለግልም ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ «ተመራቂዎቻችሁ ፈተናውን ምን ያህል አለፉ?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ መልሱን ካልነገሩት ሌላ ኮሌጅ ይፈልግ።