«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» በመድረክ ላይ

«ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የእንግሊዙ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ በማርች 1973 ያወጣው አልበም ነው። አሥር ክፍሎች አሉት፤ ርዝመቱ 43 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረክ በተጫወተባቸው ጊዜያት ላይ ነው። ዘፈን በፍላሽ ተለቃቅሞ ለሚደርሰን ለሐዋሳ አድማጮች የአልበሙ ቅደም ተከተል በቀላሉ ይጠፋብናል፤ መድረኩ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሥራው ከሸክላው በፊት በመድረክ መኖሩ ነው። ባንዱ አዲሱን ድርሰት ለሕዝብ ያቀረበው ጃንዋሪ 20 ቀን 1972 በብራይተን ከተማ ነበር፤ በእኛ የጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ቀን 1964 መሆኑ ነው። ያ ምሽት ግን አልተሳካም። «መኒ» የተባለው ዘፈን ላይ ሲደርሱ መሣሪያው ታወከና ድርሰቱ ተቋረጠ። ምክንያቱ የመብራቱና የድምፁ ኤሌክትሪክ መጋጨቱ ሳይሆን አይቀርም። በማግስቱ ፖርትስመዝ ላይ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። በፌብሩዋሪ ለንደን በሚገኘው ሬይንቦው ቲያትር ለአራት ተከታታይ ምሽቶች አቀረቡት። ከእነዚያ ምሽቶች በድብቅ የተቀዳ ቅጂ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ገበያ ገብቷል።

የ1972ቱ ድርሰት ዛሬ ከምናውቀው ብዙ ይለያል። «ኦን ዘ ረን» ያኔ በጊታርና በኪቦርድ የሚሄድ ልቅ ጨዋታ ነበር፤ የሲንተሳይዘሩ (በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚፈጥረው መሣሪያ) ድምፅ የመጣው በኋላ ነው። ክሌር ቶሪ ያለ ቃል የምታንጎራጉርበት «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ያኔ ኦርጋንና በቴፕ የተቀዱ ሃይማኖታዊ ንባቦች ነበሩት። መዝጊያው «ኢክሊፕስ» በብራይተን ገና አልነበረም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው የታከለው። የድርሰቱ ስም ራሱ ተለዋውጧል፤ ሜዲሲን ሄድ የተባለ ሌላ ባንድ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ርዕስ ያለው አልበም በማውጣቱ ፒንክ ፍሎይዶች ለጊዜው ወደ «ኢክሊፕስ» ዞሩ፤ የእነዚያ አልበም ሳይሸጥ ሲቀር ወደ ቀድሞው ስም ተመለሱ። በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቀረጻው ከሜይ 1972 ጀምሮ ሲካሄድ ባንዱ ድርሰቱን በየከተማው እየተጫወተ ያርመው ነበር። የአልበሙ መደላደል ከዚህ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ መሸጋገሪያ በሕዝብ ፊት ተፈትኗል።

በሜይ 1973 በለንደኑ ኧርልስ ኮርት አዳራሽ «ኦን ዘ ረን» ሲያበቃ የአውሮፕላን ሞዴል በታዳሚው ላይ በርሮ መድረኩ ላይ ይከሰከስ ነበር። በ1974 ክቡ ስክሪንና ለየክፍሉ የተሠሩ ፊልሞች ተጨመሩ። የዚያ ዓመት የኖቬምበር የዌምብሊ ዝግጅት ቅጂ በ2011 በይፋ ወጥቷል፤ ባንዱ በሙሉ ጉልበቱ የሚሰማው እዚያ ነው። አራቱ አባላት ሥራውን በሙሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱት በጁላይ 1975 ኔብወርዝ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ለ19 ዓመታት ከአልበሙ የሚቀርቡት የተመረጡ ዘፈኖች ብቻ ነበሩ።

ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከባንዱ ወጥቶ ስለነበር የ1994ቱን መመለስ የመሩት ዴቪድ ጊልሞር፣ ሪቻርድ ራይትና ኒክ ሜሰን ናቸው። በጁላይ በዲትሮይት አቅራቢያ አልበሙን ሙሉ ተጫወቱት፤ በኦክቶበር ኧርልስ ኮርት የተቀዳው ደግሞ በ1995 «ፐልስ» ተብሎ ወጣ። ግጥሙን ሁሉ የጻፈው ዋተርስ ስለሆነ እሱ የሌለበት ጎዶሎ ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ መሠረት አለው፤ ሆኖም የራይት ኪቦርድና የጊልሞር ጊታር ባሉበት ሥራው በባለቤቶቹ እጅ ነበር። የ1973ቱ ሳክስፎን ተጫዋች ዲክ ፓሪም ተመልሶ ነበር። የቶሪን ድምፅ ሦስት ተቀባይ ድምፃውያን ተከፋፍለው ዘፍነውታል።

ዋተርስ በበኩሉ ከ2006 እስከ 2008 በራሱ ባንድ አልበሙን ሙሉ ይዞ ዞረ፤ በአንዳንዶቹ ምሽቶች ሜሰን ድራም መትቷል። በኦክቶበር 2023 ደግሞ እንደ አዲስ የቀረጸውን፣ ንግግር የበዛበትንና የጊታር ሶሎ የሌለበትን ቅጂ በለንደን ፓላዲየም አቅርቧል።

ሐዋሳ ውስጥ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች የሚጫወት ባንድ ምሽቱን የሚሞላው በታዳሚ ምርጫ፣ ከተለያዩ ድምፃውያን በተውጣጡ ዘፈኖች ነው። አንድን አልበም በተራው መጫወት ሌላ ዓይነት ዝግጅት ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ ሁለት ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ተቀባዮችና በሰዓቱ የሚገቡ የተቀዱ ድምፆች ያስፈልጋሉ። ችክችካን በ6/8 ላደገ እጅ ከባዱ «መኒ» ነው፤ ዋናው ምት 7/4 (በሰባት የሚቆጠር) ሲሆን የጊታር ሶሎው ላይ ወደ 4/4 (በአራት የሚቆጠር) ይዞራል። ልምምዱን መጀመር የሚያዋጣው ከዚህ መዞሪያ ነው። የከተማችን ቤዝና ድራም ተጫዋቾች ለዚህ የሚበቃ ጆሮ አላቸው።