«ኦኬ» ማለት ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣች?

«ኦኬ» የማይል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እንግሊዝኛ ያልተማረም ይላታል። «እሺ» ብለን እንተረጉማትና እናልፋለን። ቃሏ ግን ታሪኳም ትርጉሟም ከዚያ ሰፋ ይላል። በተለይ ትርጉሟን አለማወቅ ሰው ያቀያይማል፤ ስለዚህ ጠጋ ብለን ብናያት ጥሩ ነው።

ከአመጣጧ እንጀምር። በ1830ዎቹ መጨረሻ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካዋ ቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ይዟቸው ነበር፤ ሐረጎችን በመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ማሳጠር። ቀልዱ ያለው መጀመሪያ ቃሉን ሆን ብለው አበላሽተው መጻፋቸው ላይ ነው። «ኦል ራይት» በትክክል ሲጻፍ በ«ኤ» እና በ«አር» ይጀምራል። እነሱ ግን ፊደል በቅጡ ያልቆጠረ ሰው በጆሮው ሰምቶ እንደሚጽፈው አድርገው «ኦ.ደብሊዩ.» አሉት። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል ነው»፣ በ«ኤ» እና በ«ሲ» መጀመር ሲገባው «ኦ.ኬ.» ሆነ። ልብ በሉልኝ፤ «ሁሉም ትክክል ነው» የምትለው ቃል ሁለቱም ፊደሎቿ ስህተት ናቸው።

እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 የወጣው «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ነው። ራሱን «ፀረ ደወል መደወል» ብሎ ስለሚጠራ ማኅበር በተጻፈች አስቂኝ ወሬ መሃል ጣል ተደርጋለች። አጠገቧም ፍቺዋ አለ። አንባቢው ገና አያውቃትም ነበርና።

እነ «ኦ.ደብሊዩ.» ብዙም ሳይቆዩ ጠፉ። «ኦኬ»ን ያተረፋት የ1840 ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ ደጋፊዎቻቸው በትውልድ ቦታቸው በኪንደርሁክ ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሏቸው ጀመር። «የኪንደርሁኩ ሽማግሌ» እንደማለት ነው። ሲያጥር ያው «ኦ.ኬ.» ነው! በዚሁ ስም ክለብ ተቋቋመ፣ መፈክር ተሰማ። ተቃዋሚዎችም ዝም አላሉም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን ፊደል ስለማያውቁ ሰነድ ላይ «ኦ.ኬ.» እያሉ ይጽፉ ነበር ብለው አስወሩ። ወሬው ፈጠራ ነበር። ቫን ቡረን ተሸነፉ፤ ቃሏ ግን በደጋፊውም በተቃዋሚውም አፍ ቀረች። በኋላ የቴሌግራፍ ሠራተኞች «መልእክቱ ደርሶኛል» ለማለት ወሰዷት። አጭር ናት፣ ከሌላ ቃል ጋር አትምታታም፤ ለእነሱ ሥራ የተመቸች ነበረች።

ሌሎችም የመነሻ ታሪኮች ይነገራሉ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ ከቾክታው ቋንቋ መጣች የሚለው በሰፊው ታምኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህንኑ ይዘው በቾክታው ቃል አጻጻፍ ይጽፏት ነበር። ነገሩን ያጠራው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ ነው። በ1963 እና በ1964 ባሳተማቸው ጽሑፎች የቦስተኑን ጋዜጣና የምርጫውን ታሪክ በማስረጃ አሳየ።

አሁን ወደ ትርጉሟ። ለእኔ የቃሏ ቁልፍ ይህ ነው፦ «ኦኬ» መቀበልን ትናገራለች እንጂ መውደድን አትናገርም። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይፈታል።

ጓደኛችሁ «ፊልሙ እንዴት ነበር?» ተብሎ «ኢት ዋዝ ኦኬ» ካለ፣ ወዶታል ብላችሁ እንዳትሄዱ። «ምንም አይልም» ማለቱ ነው። አንድ ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ «አር ዩ ኦኬ?» ይባላል፤ «ተጎዳህ እንዴ?» ነው፣ ስለ ደስታው የጠየቀው የለም። የሚጠጣ ነገር ሲቀርብለት «አይ አም ኦኬ» ያለ ሰው ደግሞ «ይቅርብኝ» እያለ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እሺታ መስሎት ይቀዳለታል። «አይ አም ጉድ»ም እዚያ ቦታ ላይ ያው እምቢታ ነው።

ድምፅም ይለውጣታል። «ኦኬ፣ ኦኬ!» ሲደጋገም «በቃ፣ ገባኝ» ነው። መጨረሻዋ ሲጎተት «እና ምን ይሁን?» የሚል ጥርጣሬ አለባት። አስተማሪ ክፍል ገብቶ «ኦኬ» ሲል «እንግዲህ እንጀምር» ነው። የእኛዋ «እሺ»ም እንዲሁ ናት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ስንል ያለችው እሺ እና «እሺ ነገ» የምትባለዋ እሺ በፍጹም አንድ አይደሉም።

ከአራዳ ቋንቋ ደግሞ «ኦኬ ቡመር» አለች። ቡመር የሚባሉት በ1946 እና በ1964 መካከል የተወለዱት ናቸው። ወጣቶች የታላላቆችን ምክር ወይም ወቀሳ ላለመስማት ይሏታል፤ «እሺ ጋሼ፣ ብለዋል» ብሎ ፊት እንደማዞር። በኖቬምበር 2019 የኒውዚላንድ ፓርላማ አባል ክሎዊ ስዋርብሪክ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲናገሩ ከመሃል የጣልቃ ድምፅ መጣ። «ኦኬ ቡመር» ብለው ንግግራቸውን ቀጠሉ። እዚህ ላይ መቀበሉ ራሱ ጠፍቷል፤ የተረፈው «ሰምቻለሁ፣ አልከራከርም» ብቻ ነው።

ጽሑፍ ላይ ነገሩ ይበልጥ ስስ ይሆናል። አንድ ሰው «ይቅርታ፣ ዛሬ አልመጣም፣ ልጄ አሞኛል ብላ ሐኪም ቤት ይዣት ሄጃለሁ» ብሎ ይጽፋል። መልሱ አንዲት ፊደል ነው፤ «ኬ»። ላኪው ደጋግሞ ያያታል። ተቀይሞኝ ይሆን? መላሹ ምናልባት እየነዳ ነበር፣ ወይም ቸኩሎ ነው። ፊትና ድምፅ ስለሌለ ግን ማጠሯ ራሱ መልእክት ይሆናል፤ «ለአንተ ከዚህ በላይ ፊደል አላባክንም» የሚል። መጨረሻዋ ላይ ነጥብ ከተጨመረማ ቅዝቃዜው ይብሳል። ስለዚህ ለአለቃችሁ ወይም ብዙም ለማታውቁት ሰው ስትጽፉ «ኦኬ፣ ታንክስ» በሉ፤ አንዷ ቃል ነገሩን ታለዝበዋለች። በእንግሊዝኛ የሚጻጻፉ ወጣቶች በመሃላቸው የሚጠቀሙበት ዘዴ ደግሞ አለ። ፊደሏን ይደግሟታል፤ «ኬኬ»። ይህቺኛዋ ቅያሜ የለባትም፤ «እሺ፣ ችግር የለም» ናት።