የዌስት ፖይንት ዝግጅት የሚጀምረው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው

ዌስት ፖይንት የአሜሪካ ምድር ጦር መኮንኖች የሚሠለጥኑበት አካዳሚ ነው። የተመሠረተው በ1802 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን በሃድሰን ወንዝ ዳር ይገኛል። ዕጩ መኮንኖች እዚያ 47 ወራት ይቆያሉ። ሲመረቁ ዲግሪና የምክትል መቶ አለቃ ማዕረግ ያገኛሉ። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ እንዲያውም ደመወዝ አለው። በለውጡ ቢያንስ 5 ዓመት በመደበኛው ሠራዊት ያገለግላሉ።

አሜሪካ ያለን ወላጆች ዘንድ "ውትድርና ትምህርት እምቢ ያለው የሚሄድበት ነው" የሚል አባባል አይጠፋም። ዌስት ፖይንት ላይ ነገሩ ግልባጩ ነው። አመልካቹ ሲመዘን 60 ከመቶው ትምህርት ነው። 30ው መሪነት ነው። ለአካል ብቃት የሚተርፈው 10 ብቻ ነው።

ስለዚህ ከጂም በፊት የሒሳብ ደብተር ይቀድማል። አካዳሚው ከአመልካቾች የ4 ዓመት ሒሳብና የ4 ዓመት እንግሊዝኛ ይፈልጋል። ቤተ ሙከራ ያለው ሳይንስና የውጭ ቋንቋም አለ። ታሪክ ላጥና ብሎ የገባ ልጅ እንኳ ከሒሳብና ከኢንጂነሪንግ ኮርስ አያመልጥም። 11ኛ ክፍል ላይ ነቅቶ የዘጠነኛን አልጀብራ መጠገን በጣም ይከብዳል።

የአካል ብቃት ፈተናው 6 ነገሮች አሉት፦ የቅርጫት ኳስ ውርወራ፣ ፑል አፕ፣ የምልልስ ሩጫ፣ ሲት አፕ፣ ፑሽ አፕና የ1 ማይል ሩጫ። ብዙዎችን የሚያስቸግረው ውርወራው ነው። ልጁ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ ኳሷን በአንድ እጁ ከትከሻው በላይ ይወረውራል። እግሩ አያግዘውም። ኳሷን የሚገፋት ሆዱ፣ ጀርባውና ትከሻው ነው። ጎበዝ ተጫዋች የነበረው ሳይቀር ሳይለማመድ ከመጣ ግራ ይገባዋል። ፑል አፑም ቀላል አይደለም፤ እጅ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይጀመራል፣ አገጭ ከብረቱ በላይ መውጣት አለበት፣ እግር ማወራጨት አይቆጠርም። ሩጫው የሚመጣው ክንድ ከዛለ በኋላ ነው። ልምምዱም እንደዚያው ይሁን፤ ስድስቱን በተርታ፣ ባንድ ቀን።

አመልካቹ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ የወረቀቱ ነገር ያላለቀለት ቤተሰብ ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት። ዕድሜው በገባበት ዓመት ጁላይ 1 ላይ 17 የሞላ፣ 23 ያልሞላ መሆን አለበት። ያላገባ መሆንም ግድ ነው። የጤና ምርመራው ጥብቅ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የዕጩነት ድጋፍ ያስፈልጋል። ይህን ከሚሰጡት ውስጥ የግዛቱ ሁለት ሴናተሮችና የአካባቢው የኮንግረስ ተወካይ ይገኛሉ። ልጁ ለሁሉም ለየብቻ ያመለክታል። ዘመድ በትልቅ ቦታ መኖር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ማመልከቻ ሞልቶ በጊዜ ማስገባትና ለኢንተርቪው መዘጋጀት ነው። 11ኛ ክፍል ሲያልቅ ቢሮዎቹን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ተስፋ ያለው ግን በትምህርቱ ትንሽ የሚጎድለው ልጅ አንዳንዴ ወደ አካዳሚው የመሰናዶ ትምህርት ቤት ይጋበዛል። እዚያ አንድ ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛውን ያጠናክራል። የተቀበሉት ልጅ ደግሞ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) ይገባል፤ ክፍል ከመጀመሩ በፊት 6 ሳምንት ገደማ የሚፈጅ መሠረታዊ ውትድርና ይጠብቀዋል። ቡትስ ጫማውን ቤቱ እያለ ቢያለማምድ ጥሩ ነው፤ አዲስ ቡትስ እግር ይልጣል።