የምትቦርቀው ድመት ሉኪሚያ ሲኖርባት፦ የሚነገረው እና እውነቱ

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ከመጠለያ ድመት ሊወስድ የመጣ ሰው «ይህቺ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ (የድመትን ደምና የሰውነት መከላከያ የሚያዳክም፣ ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፍ ቫይረስ) አለባት» ሲባል ከሁለት አንዱን ይላል፤ ወይ «ታዲያ ለመሞት ምን ቀራት?»፣ ወይ «እንዲህ የምትዘል ድመት ምን ታማለች!»። ሁለቱም ስህተት ነው። ድመቶችን የበለጠ የሚጎዳው ግን ሁለተኛው ነው።

«ወደ ልጆች ይተላለፋል።» አይተላለፍም። ቫይረሱ ሰውንም ውሻንም አይዝም። ከድመት በኩል የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ለእሱ አስከትቧት። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

«ቤቱን ትበክላለች።» ቫይረሱ ከድመት አካል ውጭ በደረቅ ቦታ ብዙ አይቆይም፤ ሳሙናም በረኪናም ይገድሉታል።

«የደም ካንሰር ስለሆነ ወዲያው ትሞታለች።» ቫይረሱ ያለባት ድመት ሁሉ ካንሰር አይይዛትም። ብዙዎቹን የሚጎዳቸው የደም ማነስና የሰውነት መከላከያ መዳከም ነው። በሽታው ከታወቀ በኋላ በአማካይ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይኖራሉ፤ በደንብ ተይዘው ከዚያም የሚሻገሩ አሉ። መውሰዱ ያስቆጫል ብላችሁ አትስጉ።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ትጫወታለች፣ ስለዚህ ደህና ናት፤ ምርመራው ተሳስቷል።» ይህ አባባል መቆም አለበት። ቫይረሱ መቅኔ ውስጥ ገብቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ይኖራል። ድመት ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች። በምራቋ ውስጥ ግን ብዙ ቫይረስ አለ፤ እርስ በርስ በመላላስ፣ ከአንድ ሳህን በመብላት፣ በመናከስም ይተላለፋል። ስለዚህ ከሁሉ ጋር የምትላመደው ተጫዋች ድመት ከኩርፍተኛዋ ይልቅ ለጎረቤት ድመቶች አደጋ ልትሆን ትችላለች።

ጥርጣሬ ካለ የሚፈታው በደም ነው። ፈጣን ምርመራው ጥቂት ጠብታ ደምና ደቂቃዎች ይበቁታል። ጤነኛ በምትመስል ድመት ላይ ቫይረሱ ከተገኘ ከሳምንታት በኋላ ይደገም፣ ቢቻል በሌላ ዓይነት ምርመራ ይረጋገጥ። ነፃ ከተባለችም በቅርቡ ተጋልጣ ሊሆን ስለሚችል ከ30 ቀን በኋላ ይደገማል። መመርመሪያው በየክሊኒኩ ስለማይገኝ ድመቷን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ከጨዋታዋ ይልቅ ድዷንና ክብደቷን ተከታተሉ። ከንፈሯን ገለጥ አድርጉ፤ ድዷ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ከነጣ ደም አንሷታል። በየሳምንቱ በዘንቢል አድርጋችሁ መዝኗት፤ 3 ኪሎ የነበረችው 2.7 ከገባች፣ ብትዘልም ባትዘልም ሐኪም ይያት። ምንም ባይታይባትም በየ6 ወሩ ትመርመር።

«ድመት ተዘግታ አትኖርም፤ የጎተራውን አይጥ ማን ይይዘዋል?» ይህቺ አትይዘውም። ውጭ ስትወጣ ሌሎችን ታስይዛለች፣ እሷም በተዳከመ አቅሟ ሌላ በሽታ ይዛ ትመለሳለች፤ መርዝ የበላ አይጥ ከበላች ደግሞ እሷም ትመረዛለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ መውጣት የለመደች በሩ በተከፈተ ቁጥር ትሞክራለች፤ እንዳትወልድ በሐኪም ማምከን ይህን ፍላጎቷን በጣም ይቀንሰዋል። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አድርጉላት፣ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ አንሱ። ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ ያህል በእንጨት ጫፍ በታሰረ ላባ አጫውቷት። ሲያልቅ ክሩን ደብቁ፤ የተዋጠ ክር አንጀት ይሸበሽባል፣ ይቆርጣልም።

«ጥሬ ሥጋ ያበረታታታል።» ያሳምማታል እንጂ። ሳንባውንም፣ የጣናውንም ዓሣ ቀቅላችሁ፣ እሾሁን አውጥታችሁ ስጧት። ያልፈላ ወተትም አይሆንም።

«ከተከተበች ትድናለች።» የሉኪሚያ ክትባት ለተያዘች ድመት አይሠራም፤ የሚሰጠው ተመርምረው ነፃ ለሆኑት ነው፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ። መቶ በመቶ ስለማይከላከል፣ የተከተበች ድመት ቤት ካለቻችሁም ሁለቱን አታቀላቅሉ፤ ሳህናቸውም ክፍላቸውም የተለየ ይሁን።